ባዶ ወረቀት የለንም፦ ስለ ሕገ መንግሥት ታሪካችን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሕገ መንግሥት ታሪካችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ ሁሉ ሲነሣ ሰምቻለሁ። የጸሐፊው ብዕር የሰላ ነው፤ ቁጭታቸውም እውነተኛ ነው። መደምደሚያቸው ግን አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አደገኛ ያደረገውም ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ካለማንበብ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ማንም ሳይጠይቅ ከጃፓን ተቀድቶ ለውጭ ታዛቢ ማሳያ የወጣ ነው። በ1948 የተሻሻለው የአሜሪካ ሕግ ዐዋቂዎች ሥራና የኢዮቤልዩ በዓል ጌጥ ነው። የ1966ቱ ረቂቅ ሊወድቅ የተቃረበ ሥርዓት የጭንቀት ወረቀት ስለሆነ ብዙ ሊባልለት አይገባም። ሕዝብ በእውነት የመከረበት ብቸኛው ሕገ መንግሥት በደርግ ዘመን የወጣው የ1979ኙ ነው። የ1987ቱ ደግሞ ከበረሃ በታጋዮች ከረጢት የመጣ፣ የመገንጠልን መብት ከሚፈቅደው አንቀጽ 39 ጋር ማንም ሳይከራከርበት የተጫነ ነው። ከእነዚህ አንዱም የእኛ አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉንም ወደ ጎን ትተን በባዶ ወረቀት እንጀምር። ሐሳባቸውን አላጣመምኩም ብዬ አምናለሁ፤ አጣምሜ ከሆነ ጸሐፊው ያርሙኝ።

ከ1923ቱ ልነሣ፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ግማሽ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕግ ያረቀቁት ሩሲያ ተምረው የመጡት የገንዘብ ሚኒስትሩ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ዋና አርአያቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት እንደነበር ማንም አይክድም። ሁለቱም ሕጎች በሰባት ምዕራፎች የተከፈሉ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር ነው የሚለው ድንጋጌም በሁለቱም አለ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው ልዩነታቸውን ሳያይ አያልፍም። የጃፓኑ 76 አንቀጾች አሉት፤ የእኛው 55። የጃፓኑ የሚጀምረው ከማይቋረጠው የነገሥታት ዘር ነው። የእኛው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው፦ የኢትዮጵያ ግዛት በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሚገዛ መሆኑን፣ ተወላጁም ሁሉ በአንድነት የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ሁለተኛው አንቀጽ የግዛቱን፣ የሕዝቡንና የሕጉን አንድነት ያጸናል። ይህ ለቶኪዮ የተጻፈ አይደለም። ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት የወደቁት መጋቢት 1922 ነው፤ ሕጉ ከወጣበት ቀን በፊት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም። ጎጃም በራስ ኃይሉ እጅ ነበረች፤ ጅማ ገና የራሷ ንጉሥ ነበራት። ሁለቱም ሕጉ በወጣ በዓመቱ ገደማ በማዕከላዊ መንግሥት ቁጥጥር ሥር ገቡ። ሦስተኛው አንቀጽ ዘውዱን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዘር ሐረግ ላይ ሲያጸና መልእክቱ የተላከው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ልጆችና ለጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት እንደሆነ የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህ የእኛው የቤት ውስጥ ክርክር ነው፤ ከጃፓን የመጣው መልኩ እንጂ ጭብጡ አይደለም።

ወደ ምክር ቤቱም እንሂድ። በጃፓን የታችኛውን ምክር ቤት አባላት ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ይመርጡ ነበር። በእኛ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደረገ። ይህን ድንጋጌ አልወደውም፤ ሕዝብን እንደ ሕፃን የሚቆጥር ነው። ጸሐፊው ሊወቅሱት የሚገባቸው ግን የተቀዳ በመሆኑ አይደለም፤ ያልተቀዳ፣ በእኛው መኳንንት ልክ የተሰፋ በመሆኑ ነው።

ማንም አልጠየቀውም የሚለውም አይቆምም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መንግሥት በሥርዓትና በሕግ እንዲታነጽ፣ ጃፓንም አርአያ እንድትሆን ጽፎ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የቤተ መንግሥት ሥራ በዘርፍ መከፈል ጀምሯል። ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሳሉ ሕገ መንግሥት እንዲቆም ለንግሥት ዘውዲቱ ሐሳብ አቅርበው እንደነበርና ከታላላቆቹ መኳንንት አንዳንዶቹ ሥልጣንዎን ይቀንሳል ብለው እንደተቃወሙ ንጉሡ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። ሕጉ ሲመከርበትም መሳፍንቱ የዘር መብታቸው እንዲጠበቅላቸው መከራከራቸው ይታወቃል። ጥያቄውም ክርክሩም ከላይኛው መደብ አልወጣም ቢባል እስማማለሁ። ጥያቄ አልነበረም ማለት ግን ታሪኩን መሰረዝ ነው።

ስለ መቅዳት አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የተወሰደ ሁሉ የእኛ አይደለም ከተባለ ፍትሐ ነገሥትን ምን ልናደርገው ነው? በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተጠናቀረ፣ ኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። በዚህ አገር ግን ለመቶዎች ዓመታት ተፈርዶበታል፤ ሊቃውንት አንድምታውን ሲተረጉሙት ኖረዋል። የሜጂውም ሕግ ቢሆን የጃፓን ሊቃውንት ፕሩሲያ ድረስ ሄደው አጥንተው ያዘጋጁት ነው። በጸሐፊው መለኪያ ጃፓንም የራሷ ሕገ መንግሥት አልነበራትም ማለት ነው። መለኪያው ራሱ የተሳሳተ ስለሆነ በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም።

የ1948ቱን በተመለከተ ጸሐፊው ያሉት በከፊል ልክ ነው። ጆን ስፔንሰርን የመሳሰሉ አሜሪካውያን አማካሪዎች በረቂቁ ላይ ትልቅ እጅ ነበራቸው። ሕጉም የወጣው በንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል ሰሞን፣ ጥቅምት 1948 ነው፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ ሲሄዱ የሚታየው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ለዚያው በዓል የተሠራ ነው። የበዓል ሽታ እንዳለው አልክድም።

ጽሑፉ የዘለለው ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ምክንያት ነው፤ እርሱም ኤርትራ ናት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 1943 ባሳለፈው ውሳኔ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ ተወሰነ። ሐምሌ 1944 የኤርትራ ምክር ቤት የራሱን ሕገ መንግሥት አጸደቀ። የተመረጠ ምክር ቤት፣ የዜጎች መብት፣ የራስ አስተዳደር ያለው ሰነድ ነበር። በአንድ ዘውድ ሥር ሁለት ሕገ መንግሥታት ተቀመጡ፦ አስመራ ላይ ያለው ሰው የሚመርጠው እንደራሴ አለው፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው ግን በ1923ቱ ሕግ መሠረት መኳንንቱ ይመርጡለታል። ይህ ሊዘልቅ የሚችል ነገር አልነበረም። በ131 አንቀጾች የተጻፈው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመብት ምዕራፍ የሰፋው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትም በቀጥታ ምርጫ እንዲቆም የተደረገው ከዚህ ግፊት ውጭ ሊገባን አይችልም። በረቂቁ ሥራ ላይም ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩበት፤ ብዕሩን የያዙት አሜሪካውያን ብቻ አልነበሩም።

ጌጥ ብቻ ነበር የሚለውም ትክክል አይደለም። በ1949 በተደረገው የመጀመሪያ አጠቃላይ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆነዋል። ፓርቲ የለም፣ ሉዓላዊነቱም በአንቀጽ 26 የንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ያ ምክር ቤት ጥርስ አልነበረውም ለሚሉ ሰዎች የማቀርበው ምሳሌ የሚያኮራ አይደለም። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ሊያሻሽል የታሰበውን የሕግ ረቂቅ ለዓመታት ሳያጸድቅ ያቆየው ያው ፓርላማ ነው። የባለ መሬቶች ወገን በዝቶበት ነበርና የሰጡትን ሥልጣን ተጠቅሞ ጭሰኛውን ጎዳ። ጌጥ እንዲህ አያደርግም። የየካቲቱ አብዮት ያን ያህል የመረረውም በሕግ መንገድ ሊፈታ ይችል የነበረ ጥያቄ እዚያው አራት ኪሎ በር ላይ ታግዶ በመቅረቱ ጭምር ነው። በ1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ የተሰለፉት ወደዚያው ፓርላማ ነበር።

የኤርትራውን ሰነድ መጨረሻም ማስታወስ አለብን። ኅዳር 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ሕገ መንግሥቱም አብሮ ቀረ። የኤርትራ ጦርነት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የዚያ ሰነድ መሻር ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ሕገ መንግሥት ቀድደን ስንጥል ምን እንደሚከተል የምንማርበት የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌያችን ይህ ነው፤ ሁሉንም ወደ ጎን እንተው የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ አለመተንፈሱ አሳዝኖኛል።

ከሁሉ በላይ ያስከፋኝ ግን ስለ 1966ቱ ረቂቅ የተባለው፣ በትክክል ለመናገር ያልተባለው ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። በጭንቀት የተጻፈ መሆኑ እውነት ነው፤ ጭንቀቱን የፈጠረው ማን ነበር? በየካቲት መምህራን የትምህርት ሥርዓቱን ሊለውጥ የታሰበውን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አቆሙ፤ ወታደሮች በየጦር ሰፈሩ አመፁ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የካቲት 26 ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ማዘዛቸውን ያስታወቁት ይህን ሁሉ ተከትሎ ነው። ከዚያም የሠራተኛ ማኅበራት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞችና የደገፏቸው ክርስቲያኖች እስከ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሆነው የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ሞሉ። በዚህች ከተማ ታሪክ ሕዝብ በእግሩ ወጥቶ ሕገ መንግሥት የጠየቀበት ወቅት ካለ ይህ ነው። ጸሐፊው የሕዝብ ድምፅ የተሰማበትን ዘመን ፍለጋ ወደ 1979 ሲሄዱ አጠገቡ አልፈውታል።

ሠላሳ አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቀምጦ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ረቂቁን አደረሰ። ረቂቁ የንጉሡን ሥልጣን ወሰነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ አደረገ። ከ1923 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣው ጥያቄ፣ ማለትም አስፈጻሚው በማን ፊት ይጠየቃል የሚለው፣ በዚህ አገር ሰነድ ላይ ጥርት ያለ መልስ ያገኘው ያኔ ነው። ደርግ እንኳ ሊንቀው አልደፈረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ ፓርላማውን በተነ። በዚያው አዋጅ ግን ረቂቁ የአዲሲቱን ኢትዮጵያ ፍልስፍና እንዲያንጸባርቅ አስፈላጊው ማሻሻያ ተደርጎበት በሥራ ላይ እንደሚውል ቃል ገባ። አልጋ ወራሹም በአገሪቱ አስተዳደርና ፖለቲካ ሥልጣን የሌለው ንጉሥ እንደሚሆን አወጀ። ያወረደው ኃይል ራሱ ቃል የገባበትን ሰነድ ዛሬ ዋጋ የለውም ብሎ ማለፍ እንዴት ይቻላል?

ቃሉ አልተጠበቀም። የተከተለውን ግን ጸሐፊው በጥሞና እንዲያስቡት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ባዶ ወረቀት ማለት እርሱ ነበር። አሮጌው ሕግ ታግዷል፣ አዲሱ አልወጣም። የታገደው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማንም ሰው ሥርዓቱን የጠበቀ የፍርድ ሂደት ሳይፈጸም ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም ይል ነበር። ንጉሡ ወርደው ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ያን ሕገ መንግሥት ካዘጋጁት አንዱ። የተገደሉበት «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቆመበት ቦታ ነበር። አገሪቱ ከዚያ በኋላ ከአሥራ ሁለት ዓመታት በላይ ያለ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ተገዛች። ቀይ ሽብር የሆነው በዚያ መካከል ነው። አንቀጽ 43 ቢኖር ደርግን ያቆመው ነበር ብዬ አልሞኝም። ነገር ግን ሕግ የታገደበት አገር ገዳዩ ምን እንደጣሰ እንኳ ለመናገር ይቸገራል።

አሁን ወደ 1979ኙ። እዚህም ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። 343 አባላት ያሉት ኮሚሽን መቋቋሙ፣ ረቂቁ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ መወያያ መሆኑ፣ ሰው ሐሳብ መስጠቱ እውነት ነው። ለምሳሌ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን በሚመለከተው ሐሳብ ላይ ሙስሊም ዜጎች ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ጥር 24 ቀን 1979 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 81 ከመቶው እንደደገፈው ተገልጿል፤ 18 ከመቶው ተቃወመ መባሉ ራሱ በዚያ ዘመን የሚያስገርም ነው። ይህን ጽሑፉ ማንሣቱ መልካም ነው፤ ብዙዎች ረስተውታልና።

ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ገዢው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) የአገሪቱ መሪ ኃይል ነው የሚለው ድንጋጌ ለውይይት የቀረበ አልነበረም። በትግራይና በኤርትራ ሰፊ አካባቢ ጦርነት ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት ምን እንደሚያስከትል የሚያስታውስ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው በሁለት ሚዛን ይመዝናሉ። የቀበሌ ውይይት 1979ኙን የሕዝብ ካደረገው፣ በ1985 እና በ1986 የሽግግሩ ዘመን ረቂቅ የተወያዩበት ቀበሌዎችስ? ወይ ሁለቱንም ይቀበሉ፣ ወይ ሁለቱንም ይጣሉ። እኔ ሁለቱንም በጥርጣሬ እቀበላለሁ።

ቀጥሎ ስለ 1987ቱ። በጽሑፉ ውስጥ ጠንካራው ወቀሳ ይህ ነው፤ ዋናውን ክፍል አምናለሁ። ሰኔ 24 ቀን 1983 በአፍሪካ አዳራሽ የተከፈተው ጉባኤ ሁሉንም አላቀፈም፤ ኢሕአፓና መኢሶን የተሰባሰቡበት ኅብረት ውጭ ቀርቷል። ኦነግ በ1984 ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ። ግንቦት 1986 በተመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫዎች 484ቱን ያዘ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ውስጥ የድምፅ ብልጫ ማግኘት ድል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ትልቁ ቁስል ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም አልሻረም።

ከዚህ ተነሥቶ ሐሳቦቹ ከበረሃ መጡ፣ እዚህ ማንም አልተከራከረባቸውም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የብሔር ጥያቄ በዚህ አገር በጽሑፍ በግልጽ የቀረበው ኅዳር 1962 በዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ነው፤ ቦታውም በረሃ አልነበረም፣ ስድስት ኪሎ ነበር። ደርግ በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራሙ የብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ተቀብሎ በክልላዊ ራስ ገዝነት ሊያሟላው ቃል ገብቷል። በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። በ1980 ኤርትራን፣ ትግራይን፣ አሰብን፣ ድሬዳዋንና ኦጋዴንን ራስ ገዝ አደረገ። ጸሐፊው የሚያደንቁት የ1979 ሕገ መንግሥት ራሱ የዚህ መስመር ልጅ ነው። ልዩነቱ እስከ መገንጠል የሚለው ነው፤ በእርሱ ላይ መከራከር ይገባል፤ እኔም ከማይደግፉት ወገን ነኝ። የሶቪየት ኅብረት ሕገ መንግሥትም ተመሳሳይ መብት እንደነበረው፣ በአንቀጽ 39 ያለው የብሔር ትርጓሜም ከስታሊን ትርጓሜ ጋር እንደሚቀራረብ አልክድም። ነገር ግን ከስታሊን ተበደሩት ብሎ መተው ለሃያ ዓመታት በዚህች ከተማ የተጻፈውን፣ የተጮኸውንና ደም የፈሰሰበትን ክርክር ይሰርዛል።

ማንም አልተከራከረም የሚለውን ደግሞ ሁለት ነገሮች ያፈርሱታል። በአፍሪካ አዳራሹ ጉባኤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የኤርትራን መገንጠል በግልጽ ተቃውመዋል። በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የተመራው 29 አባላት የነበሩት የሕገ መንግሥት ኮሚሽንም ስለ መሬትና ስለ መገንጠል አንድ ሐሳብ ላይ መድረስ ስላልቻለ የአብላጫውንና የአናሳውን አማራጭ ለይቶ አቅርቧል። የተሸነፉት ሐሳቦች አልጠፉም። ዛሬ ስለ ማሻሻያ የሚከራከር ሰው መነሻ አድርጎ ሊያነብባቸው የሚገባው እነርሱን ነው፤ ጽሑፉ ግን መኖራቸውን እንኳ አላነሣም።

አንቀጽ 40ንም እንይ። መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው የሚለው ድንጋጌ ከበረሃ አልመጣም። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ነበር። እርሱ ደግሞ «መሬት ላራሹ» ለሚለው የ1957 ጩኸት መልስ ነው፤ ያ ጩኸትም የ1948ቱ ፓርላማ ላገደው ሕግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነበር። አንቀጹን መደገፍም መቃወምም ይቻላል። ይህን መስመር ሳያዩ መቃወም ግን ባለ መሬቱና ጭሰኛው የሚሉትን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው።

በመጨረሻ ስለ ባዶ ወረቀቱ። ጸሐፊው አሁን ያለው ሕገ መንግሥት የማሻሻያ በሩ ጠባብ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። አንቀጽ 39 እና 40 ያሉበትን ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ። አንድ ክልል ብቻ ሊያግደው ይችላል። ከባድ ነው። ነገር ግን ጠባብ በር ባለበት ቤት ውስጥ መፍትሔው ግድግዳውን ማፍረስ ነው ያሉን ሰዎች ከዚህ በፊትም ነበሩ፤ የ1967ን ውጤት ከላይ ጽፌዋለሁ። በ2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ባለበት ዘመን ስለ ሕገ መንግሥት መነጋገር ተገቢ ነው፤ ጸሐፊውም ይህን በድፍረት በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ለተነጋጋሪዎቹ ከሁሉ በፊት የ1944ቱ የኤርትራ ሕገ መንግሥትና የ1966ቱ ረቂቅ ቢታተሙላቸውና ቢታደሉላቸው ምኞቴ ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንድ ነገር እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያ ባዶ ወረቀት ቀርቦላቸዋል እንበል። ሉዓላዊ ሥልጣን የማን ነው የሚለውን አንቀጽ ይጻፉልን። 1948 የንጉሠ ነገሥቱ ነው አለ፤ 1979 የሠራተኛው ሕዝብ ነው አለ፤ 1987 በአንቀጽ 8 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው አለ። እርሳቸው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። የዚያን ዕለት ግን በዘጠና ዓመት ውስጥ የተከራከሩት ሁሉ ከነሰነዳቸው ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንቀጹም የሚጻፈው ለእነርሱ መልስ እየተሰጠ ነው። ረቂቃቸውን እጠብቃለሁ።